እትዬ አስካለ ሁለተኛ አልጠየቁኝም

እትዬ አስካለ መሞታቸውን የሰማሁት ኡራኤል ታክሲ ስጠብቅ ነው። ከተቀበሩ ወር አልፏቸው ነበር። የነገረችኝ በላይነሽ ናት፤ ድሮ ካዛንቺስ አንድ መሥሪያ ቤት አብረን ስንሠራ ሒሳብ ክፍል የነበረች። ከሰልፉ መሐል በእጇ ጠራችኝና ገና ተሳስመን ሳንጨርስ፣

«ለመሆኑ ማርታን ማን ያዛት?» አለችኝ።

«የቷን ማርታ?»

«የእትዬ አስካለን ነዋ!» ፊቴን ስታየው ደነገጠች። «አልሰማሽም እንዴ? ውይ በሞትኩት! እኔ እኮ ጎረቤታቸው ስለነበርሽ ቀድመሽ የሰማሽ መስሎኝ ነው። ድንገት ነው አሉ፣ በቃ፣ ልብ ነው አሉ።»

ታክሲው መጣ። እሷ እየተጋፋች ገባች፣ እኔ ቀረሁ። ከዚያ በኋላ የመጡት ሦስት ታክሲዎችም ጥለውኝ ሄዱ።

ሰው ሲሞት ደግ ደጉ ይወራል። ስለ እትዬ አስካለ ግን ደግ ደጉን ብቻ ባወራ ከመቃብር ተነሥተው የሚሰድቡኝ ይመስለኛል። ምላሳቸው ይቆርጣል። ፊታቸው አይፈታም። ልጃቸውን እንዴት እንዳሳደጉ ያየሁት ዛሬም ከዓይኔ አልጠፋም። እኔም ብሆን በዚህ ታሪክ ውስጥ ደግ ሰው አይደለሁም፤ ይህንን ከወዲሁ ብናገር ይሻላል።

መሥሪያ ቤቱ የተቀጠርኩት መንግሥት በተለወጠ በሦስተኛው ዓመት ገደማ፣ መዝገብ ቤት ውስጥ ነው። እትዬ አስካለ ስልክ ኦፕሬተር ነበሩ። ከደረጃው ሥር መስኮት የሌላት ጠባብ ክፍል አለቻቸው፤ እዚያች ውስጥ የስልክ ማዞሪያው ፊት ተቀምጠው ይውላሉ። ድምፃቸው ለጉድ ነበር። በስልክ ብቻ ለሚያውቋቸው ሰዎች የሃያ ዓመት ልጅ ትመስላቸው ነበር። አንድ ጊዜ ከክፍለ ሀገር የመጣ ባለጉዳይ «ያቺን ባለ ድምፅ ሳላያት አልሄድም» ብሎ በሩን ከፈተ። ሻሻቸውን ግንባራቸው ድረስ ያሰሩ፣ ትከሻቸው እንደ ወንድ የሰፋ ሴትዮ ዞር ብለው አዩት።

«አየኸኝ?» አሉት። «በል በሩን ዝጋው፣ ብርድ ይገባል።»

ትከሻቸውን ያሰፋው ማርታን ማዘል መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው። እኔ ከአንዱ ኪራይ ወደ ሌላው ስንከራተት እንደከረምኩ ያውቁ ስለነበር፣ እሳቸው ባሉበት የቂርቆስ ግቢ ውስጥ አንዲት የቀበሌ ክፍል ስትለቀቅ ቀበሌ ድረስ ሄደው ተጨቃጭቀው አሰጡኝ። ላመሰግናቸው ስል አቋረጡኝ። «ደግ ሆኜ እንዳይመስልሽ። ሰካራም ከሚገባባት አንቺ ትሻያለሽ ብዬ ነው።»

ዕቃዬን ያስገባሁ ዕለት ማርታን አየኋት። ደጃቸው ላይ ጅባ ተነጥፎላት ተቀምጣለች። ያኔ ስምንት ዓመቷ ነበር። እናቷን ሁለት ቀን አስምጣ ነው የተወለደችው፤ ስትወለድም አላለቀሰችም። እግሮቿ ታጥፈው አልዘረጋ ብለዋል፣ እጆቿ ወደፈለገችው አይሄዱላትም፣ ቃል ከአፏ የሚወጣው እየተጎተተ ነው። ጭንቅላቷ ግን ከእኔም ከእናንተም ይበልጣል። ይህን ለማወቅ አጠገቧ ተቀምጦ የጀመረችውን እስክትጨርስ መጠበቅ ያስፈልግ ነበር፤ የሚጠብቅ ሰው አልነበረም።

እኔም ያን ዕለት አልጠበቅሁም። እንደ ማንኛውም ሰው ራሴን ነቅንቄ ከንፈሬን መጠጥኩ።

«ሮማን፣ ከንፈርሽ ምን ሆነ?» አሉኝ እትዬ አስካለ።

«ምን ሆነ?»

«ይጮሃል። ዘይት ይቀባ እንዴ?» ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጄ ፊት ይህን ድምፅ ደግመሽ ብታሰሚ ይቺን ደጅ አትረግጫትም።»

አባቷ ግርማ ጥሏቸው የወጣው ማርታ ዓመት ሳይሞላት ነው። እናቱ «በእኛ ዘር እንዲህ ያለ የለም» አሉት፤ አመናቸው። ሩቅ እንኳ አልሄደም። ኡራኤል አካባቢ ሌላ ሚስት አግብቶ ሁለት ልጆች ወለደ። ማርታ አሥር ዓመት ሲሞላት አንድ ቀን ከሐኪም ቤት ስንመለስ መንገድ ላይ ተገጣጠምን። እትዬ አስካለ ማርታን አዝለዋል፣ እኔ ቦርሳቸውን ይዣለሁ። ግርማ ልጆቹን ግራና ቀኝ ይዞ፣ አዲስ ልብስ አልብሷቸው ነበር። ትንሿ ቆማ አፍጥጣ አየችን።

«አባዬ፣ ልጅቷ ምን ሆና ነው?»

ትንሿ የግርማን እጅ ጎተተችው። «አባዬ፣ ታውቃቸዋለህ?»

እትዬ አስካለን አየ፣ ከጀርባቸው ያለችውን አየ። «አላውቃቸውም» አለ።

ማርታ የአባቷን ፎቶ አይታው ታውቃለች። አንገቷን አቃንታ «አ... አ...» ማለት ጀመረች። እትዬ አስካለ በዚያ በስልክ ድምፃቸው፣ «ይቅርታ ጌታዬ፣ ቁጥር ተሳስተናል» አሉትና አለፉ። ማርታ «አባዬ» የሚለውን ቃል አውጥታ የጨረሰችው መንገዱን ተሻግረን፣ እሱ ከዓይን ከጠፋ በኋላ ነው።

«አሁን ደግሞ እርሺው» አሏት እናቷ ወደኋላ ሳይዞሩ።

በሥራ ቀን ማርታ ብቻዋን ነበር የምትውለው። ሠራተኛ ቀጥረው ሞክረዋል። አንዷ ስትቆነጥጣት ሰውነቷ ጠቋቁሮ አገኙት፤ ሌላዋን እንድትተኛላት የሆነ ነገር ስታጠጣት ያዟት። ከዚያ ወዲህ ውኃውንና ምግቡን እጇ የሚደርስበት ቦታ መሬት ላይ አስቀምጠው፣ ፖፖውን አጠገቧ አድርገው፣ በሩን ከውጭ ቆልፈው ይሄዳሉ። ምሳ ሰዓት እኛ ካዛንቺስ ካፌ ስንገባ እሳቸው ቁልቁል ወደ ቂርቆስ ይሮጣሉ። በእግራቸው ነው፤ ታክሲ መጠበቁ ጊዜ ይበላል። ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ላብ በላብ ሆነው ማዞሪያው ፊት ይቀመጡና «አቤት፣ ማንን ፈለጉ?» ይላሉ፣ በዚያ በለስላሳው ድምፃቸው፣ ትንፋሻቸው ሳይሰማ።

«እትዬ፣ እሳት ቢነሣስ?» አልኳቸው አንድ ቀን። የቆለፉት በር እንቅልፍ ነስቶኝ ነበር።

«ትቃጠላለቿ» አሉኝ።

ዓይናቸውን አልነቀሉልኝም። «ሌላ ምን እንድልሽ ነው የፈለግሽው? መልስ ካለሽ ንገሪኝ። የጠየቀኝ ሁሉ ጠይቆኝ ወደ ቤቱ ነው የሚገባው።»

በጣም የጠላኋቸው ግን በዚያው ዓመት ክረምት ነው። የግቢው ሽንት ቤት ከጥግ ነበር፤ ከቤታቸው ሠላሳ እርምጃ ይሆናል። እትዬ አስካለ ማርታ ትልቅ ልጅ ሆናለች፣ ከእንግዲህ ቅዳሜና እሑድ በፖፖ የለም አሉ። ጉልበቶቿ ላይ ከመኪና ጎማ የተቆረጠ ላስቲክ አሰሩላት፣ እጆቿ ላይ ነጠላ ጫማ አጠለቁላት። በዚያ በጭቃው ላይ እየዳኸች ደርሳ መመለስ አለባት። አንድ ቅዳሜ ዝናብ ጣለባት። መሐል ላይ ስትደርስ እጇ ከዳትና በፊቷ ተደፋች። ጭቃው አፏ ውስጥ ገባ። እናቷ በራቸው ላይ ቆመው ያያሉ። አልተነቃነቁም።

እኔ አልቻልኩም። ሮጬ አነሣኋት፣ ፊቷን በቀሚሴ ጠረግሁላት፣ ተሸክሜ ወሰድኳት። ስንመለስ እትዬ አስካለ ዝናቡ ውስጥ ወጥተው ጠበቁን። ልጅቷን ከእጄ ተቀበሉኝና ተመልሰው ደጃቸው ላይ አስቀመጧት።

«ከመጀመሪያው» አሏት።

«እትዬ አስካለ! ጨርሳ እኮ ነው የመጣችው!»

«ሮማን ናት የሄደችው። ማርታ አልሄደችም።»

ማርታ ለቅሶዋን እንደያዘች እንደገና ዳኸች። ጎረቤቱ ሁሉ በየበሩ ወጥቶ «አረመኔ!» «ይቺ እናት ናት?» ይል ነበር። እሳቸው እንዳልሰማ ሰው ቆመው አዩዋት። ደርሳ ስትመለስ ቤት አስገብተው በሩን ዘጉ። በመስኮቱ በኩል ውኃ ሲሞቅና ሳፋ ሲጎተት ይሰማኛል፤ ቆየት ብሎ ማርታ ስትስቅ ሰማኋት። እናቷ ውኃ እየረጩባት ነው፣ እሷ ትረጫለች። እንዲያ ስትስቅ ሌላ ቀን ሰምቻት አላውቅም። ሁለቱ በዚያ ሳፋ ዙሪያ ምን እንደሚባባሉ እኛ በረንዳ ላይ የቆምነው አንሰማም ነበር።

ትምህርት ቤት ሊያስገቧት ሞክረዋል። የአንዱ ትምህርት ቤት ዳይሬክተር «ሌሎቹ ልጆች ይፈራሉ፣ ወላጆች ይቃወማሉ» አሏቸው። እትዬ አስካለ ማርታን ከጀርባቸው አውርደው ዳይሬክተሩ ፊት ያለው ወንበር ላይ አስቀመጧትና «እስኪለምዷት እዚህ ትጠብቅ፣ ማታ እወስዳታለሁ» ብለው ወደ ሥራቸው ሄዱ። ያስገድዳቸዋል ብለው ነው። ማታ ሲመለሱ ዳይሬክተሩ የሉም። ማርታ ያንኑ ወንበር ላይ፣ ልብሷ ላይ ሸንታ፣ ውኃ እንኳ ሳይሰጣት ውላለች። ጥበቃው «እኔ ምን አውቄ» አላቸው።

ስለዚያ ቀን አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያወሩኝ። «ያን ቀን እኔ ነኝ የበደልኳት» አሉኝ። «በልጄ ነው እልህ የተጋባሁት።»

ከዚያ ራሳቸው አስተማሯት። መሥሪያ ቤቱ የጣለው አሮጌ የስልክ ማውጫ ነበር፤ ፊደል ከለየች በኋላ እሱን ሰጧት። ማርታ ማንበብ የለመደችው በሰው ስምና በቁጥር ነው። ከ«ሀ» ጀምራ ዓመት ሳይሞላ ጨረሰችው፣ ደግሞ እንደገና ጀመረችው። አሥራ ሦስት ዓመት ሲሆናት የሰፈሩ ሰው ቁጥር የሚጠይቀው እሷን ነበር። የቁጥሩን መጨረሻ እስክታወጣ መጠበቅን ሰዉ ቀስ በቀስ ተማረ።

የደስታቸውን ነገር ካነሣሁ አይቀር፣ የስልኩን ልንገራችሁ። ግቢያችን በር ላይ የጋሽ ከድር ሱቅ ነበር፤ ስልክ አለው። እኔ ፈቃድ በወጣሁበት ቀን ማርታን ተሸክሜ ሱቁ ባንኮኒ ላይ አስቀመጥኳት፣ መነጋገሪያውን ጆሮዋ ላይ ያዝኩላት፣ የመሥሪያ ቤቱን ቁጥር በራሷ ጣት ደወለች።

«አቤት፣ ማንን ፈለጉ?»

«እ... ማዬን።»

ያው የቢሮ ድምፅ ቀጠለ። «እማዬ የሚባል ሠራተኛ የለንም። ሙሉ ስም ይናገሩ።»

ማርታ ከሳቋ የተነሣ ከባንኮኒው ልትወድቅብኝ ነበር። «አስ... ካ... ለ።»

«ማን ልበል?»

«ል... ጅሽ!»

«ልጄ ቃሏን አትቆርጥም። ይድገሙት።»

አምስት ጊዜ አስደገሟት። ሱቁ ሞላ፤ ጋሽ ከድር ስኳር መመዘኑን ትቶ «በርቺ! በርቺ!» ይላታል። በአምስተኛው ላይ «ልጅሽ ማርታ ነኝ» የሚለው ሳይቆራረጥ ወጣ። ሱቁ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አጨበጨበ። በወዲያኛው ጫፍ እትዬ አስካለ «እሺ፣ ይጠብቁ» አሉና ዘጉት።

ያን ያህል ጊዜ የመሥሪያ ቤቱ መስመር ሁሉ ሳይነሣ ሲጮህ ነበር። በማግስቱ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሳቸው። ወረቀቱን በፍሬም አድርገው ቤታቸው ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። «ማርታ ያመጣችልኝ የመጀመሪያ ሰርተፊኬት ነው» ይሉ ነበር ለሚጠይቃቸው።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ አለ፤ ያኔ ቁም ነገር አልመሰለኝም። ከቀበሌ ቤት ለቤት የሚመዘግቡ መጡ። እኔ እትዬ አስካለ ቤት ነበርኩ። መዝጋቢው ፎርሙን እየሞላ «በቤቱ ውስጥ አካል ጉዳተኛ አለ?» ብሎ ጠየቀ።

«የለም» አሉት።

ወጣቱ መሬት ላይ የተቀመጠችውን ማርታን አያት። «እናቴ፣ ለእርስዎ ጥቅም እኮ ነው...»

«የለም አልኩህ! ጤነኛ ብለህ ጻፍ። ልጄን በወረቀት ጎደሎ አታደርጋትም።»

ጤነኛ ብሎ ጻፈ።

ሞባይል ሲመጣ ማርታ ሃያዎቹ ውስጥ ገብታ ነበር። እናቷ ግቢው በር ላይ አጭር በርጩማና ጃንጥላ አደረጉላት፤ የስልክ ካርድ መሸጥ ጀመረች። ራሷ እየዳኸች ትወጣለች፣ እየዳኸች ትገባለች። አንድ ቀን ሁለት ጎረምሶች ያላትን ካርድ ሁሉ ከእጇ መንጭቀው እየሳቁ፣ እየሮጡ ሳይሆን በእርምጃ ሄዱ። ማርታ ከእንግዲህ አልወጣም አለች። እትዬ አስካለ ሁለት ቀን ብቻ ታገሷት። በሦስተኛው ቀን በርጩማዋን አውጥተው በሩ ላይ አስቀመጡና «በርጩማሽ ብቻውን ነው፣ ሊወስዱት ነው» አሏት። ወጣች። ከዚያ በኋላ ደንበኞቿ በዙ፤ ስለ ኳስ የሚከራከሯት፣ የሚስቁባት ሳይሆን አብረዋት የሚስቁ። የራሷን ጫማ፣ የራሷን ሻሽ መግዛት ጀመረች። ለእናቷም ሹራብ ገዛች፤ እትዬ አስካለ ያን ሹራብ በበጋም አያወልቁትም።

ያ ሁሉ ከተለመደ በኋላ ነው ሰፈራችን ይፈርሳል የተባለው። እኔ ያኔ ዳንኤልን አግብቼ፣ ሁለት ልጆች ወልጄ እዚያው ግቢ ነበርኩ። ከከተማው ዳር የተሠራ ኮንዶሚኒየም ላይ ዕጣ አወጣን። ለእኔ ግራውንድ ወጣልኝ። እትዬ አስካለ ወረቀታቸውን በራሳቸው እጅ አወጡ፤ ያው ሕንፃ፣ አራተኛ ፎቅ።

ሕንፃው አሳንሰር የለውም። ለአካል ጉዳተኛ ምድር ላይ ያለውን ቤት ቅድሚያ እንደሚሰጡ የሰሙት ያን ዕለት ነው። ማርታን አዝለው የዕጣው ክፍል ድረስ ሄዱ፣ እኔም አብሬያቸው ነበርኩ። ሠራተኛው መዝገቡን ገልጦ አየ።

«እዚህ ላይ እኮ ጤነኛ ነው የሚለው። ያስሞሉት እርስዎ ነዎት፣ ፊርማዎም አለ።»

«ይኸው በዓይንህ እያየሃት!»

«እናቴ፣ እኔ የማየው መዝገቡን ነው።» ልጁ ክፉ አልነበረም፤ ጭንቅላቱን አከከ። «ምናልባት ግራውንድ የደረሰው ሰው ከፈቀደ መለዋወጥ ይቻላል። ግን ቁልፍ ከመሰጠቱ በፊት ነው፤ እስከ ዓርብ።»

ማታ ራት ሳቀርብ በሬ ተንኳኳ። እትዬ አስካለ ገቡና ወንበር ላይ ተቀመጡ። በነዚያ ሁሉ ዓመታት እኔ ቤት ሲቀመጡ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው፤ ሁልጊዜ ቆመው ነበር የሚያወሩኝ።

«ሮማን፣ ቤቱን ለውጪኝ» አሉኝ። «ለራሴ ቢሆን አልጠይቅሽም።»

«ዳንኤልን ላማክረው» አልኩ።

«አማክሪው» ብለው ወጡ።

ዳንኤልን አማከርኩት። «ግራውንዱን ሱቅ ብናደርገው ልጆቹን ያስተምርልናል» አለኝ። «ደግሞ ማርታ እኮ ያንቺ ልጅ አይደለችም፣ ማለቴ... እኛም ልጆች አሉን።» ጥፋቱን በእሱ ላይ ባላክክ ይቀለኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን አይሆንም ሲለኝ ቅልል ነው ያለኝ። አልተከራከርኩትም። የምከራከርበት ቃል ነበረኝ፤ አላወጣሁትም።

ያን ሳምንት ተደበቅሁ። ጠዋት እሳቸው ከወጡ በኋላ እወጣለሁ፤ መሥሪያ ቤት በደረጃው ሥር ላለማለፍ በጓሮ በኩል እገባለሁ። ይመጣሉ፣ ይለምኑኛል፣ ያለቅሳሉ፣ ያኔ እሸነፋለሁ ብዬ ፈርቼ ነበር። አልመጡም። ሁለተኛ አልጠየቁኝም። ዓርብ ጠዋት ቁልፍ የሚሰጥበት ሰልፍ ላይ ከፊቴ ሆነው አገኘኋቸው። ተራዬ ደርሶ ቁልፌን ስቀበል ዞር ብለው እጄን አዩት።

«እንኳን ደስ አለሽ» አሉኝ።

ከዚያ የሆነውን በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ፤ የእኔ በር ከደረጃው ሥር ነበርና። እትዬ አስካለ ስልሳ ሊሞላቸው ነው፣ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ቀርቷቸዋል። ማርታ ደግሞ ያደገች ሴት ናት። ካርዷን እንድትሸጥ ጠዋት ጠዋት አዝለዋት ሲወርዱ ጫማቸው ከአራተኛ፣ ከሦስተኛ፣ ከሁለተኛ ይሰማኛል። መጀመሪያ አካባቢ የሕንፃው ወጣቶች ይረዷቸው ነበር፤ ሁለት ሳምንት ያህል። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ቆመው ያርፋሉ። የእኔ በር ላይ ግን አንድ ቀን እንኳ ቆመው አያውቁም፤ ሰላምታ ሰጥተውኝ ያልፋሉ። ዳንኤል ሥራ በሌለበት ቀን አንድ ሁለት ጊዜ «እኔ ልያዛት» ብሏቸው ነበር። «ተወው፣ ትከብድሃለች» አሉት።

በስድስተኛው ወር አዳልጧቸው ሁለቱም ወደቁ። የማርታ ክንድ ተሰበረ። ሲድን እትዬ አስካለ መሸከሙን ተዉና እንደ ድሮው ዳኺ አሏት። ያን ሁሉ ደረጃ ለመውረድ አንድ ሰዓት ሊሞላ ይደርስ ነበር። የሚወጣው የሚወርደው ይረግጣት ነበር፤ አንዷ የሦስተኛ ፎቅ ሴት በስብሰባ ላይ «እንግዳ ሲመጣብን እንሳቀቃለን፣ ልጆችም ይሰቀቃሉ» ብላ ተናገረች። ማንም አልመለሰላትም። እኔም ተቀምጬ ነበር። ከዚያ በኋላ ማርታ አልወረደችም። እትዬ አስካለ ሃያ ዓመት ሙሉ በጭቃ ላይ ያስተማሯት ነገር በሙሉ እዚያ በረንዳ ላይ ቀረ።

እኛ ሁለት ዓመት ሳይሞላን ለቅቀን ልጆቹ ትምህርት ቤት አጠገብ ተከራየን። ቤቱን ለሱቅ አከራየነው፣ ኋላም ሸጥነው። በነዚያ ሁለት ዓመታት አራተኛ ፎቅ አንድ ቀን አልወጣሁም።

በላይነሽ በነገረችኝ ማግስት፣ ቅዳሜ ሄድኩ። የድሮ ቤቴ ፀጉር ቤት ሆኗል። ደረጃውን ስወጣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ትንፋሽ አጠረኝ፤ በእጄ የያዝኩት ሁለት ኪሎ ሙዝ ብቻ ነበር። የማርታ በር ገርበብ ብሏል።

መሬት ላይ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። ፀጉሯ ላይ ሽበት አየሁ። አጠገቧ ስልክ አለ፤ አሁን ካርድ የምትሞላው በስልክ ነው፣ የሕንፃው ሰው ገንዘቡን በልጆቹ ይልክላታል። ቤቱ ንጹሕ ነበር። ምድጃው፣ ድስቱ፣ ሳሙናው፣ ሁሉም ነገር እጇ የሚደርስበት ዝቅታ ላይ ተደርድሯል።

«ሮሚ፣ ግቢ» አለችኝ። ቃሉን እየጎተተች ነው የምታወራው፤ እኔ እዚህ ቀጥ አድርጌ ጽፌዋለሁ።

እንዴት እንደሞቱ ጠየቅኳት። ጠዋት ውኃ ሊያመጡ ወርደው፣ ጀሪካኑን ይዘው በሩን ከፍተው ገቡና አስቀምጠውት ተቀመጡ። አልተነሡም። ማርታ ራሷ ናት እየዳኸች ሄዳ ዓይናቸውን የከደነችው፤ ከዚያ ነው ለጎረቤት የደወለችው።

«ሲወስዷት ስምንት ሰዎች መጡ» አለችኝ። «ደረጃው ጠባብ ነው፣ ሳጥኑ አልዞር ብሎ ነበር። እየተጯጯሁ አወረዱት።»

«አንቺስ?»

«እኔ እዚህ ነበርኩ። ሁሉም፣ አንዱ ያወርዳታል ብሎ ያሰበ መሰለኝ። መኪናው ሲሄድ በበረንዳው አየሁት።»

«ቀብር አልሄድሽም?»

«አልሄድኩም።»

ያን ጊዜ መያዝ አቃተኝ። ፍራሹ ጫፍ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። «ለምን አልደወልሽልኝም?» አልኳት። «እኔ እወስድሽ ነበር! በጀርባዬ እወስድሽ ነበር!»

«እማዬ ናት አትደውዪላት ያለችኝ።»

«ተቀይመውኝ ነው?»

ማርታ ራሷን ነቀነቀች። መልሱ ከአፏ እስኪወጣ ጊዜ ወሰደ፤ ጠበቅኋት።

«አይደለም። ከመሞቷ በፊት ብዙ ነገር አስጠንታኝ ነበር። ለማን እንደምደውል፣ ለማን እንደማልደውል። ስላንቺ ያለችኝ፣ ሮማን ትመጣና ታለቅሳለች፣ ያኔ ሐዘንሽን ትተሽ እሷን ልታባብዪ ነው፣ ይደክምሻል ነው ያለችኝ።»

ቀና ብዬ አየኋት። ፊቷ ላይ ቁጣ የለም። እጆቿን ጉልበቶቿ ላይ አድርጋ፣ እናቷ እንዳስጠኗት፣ እስክጨርስ ትጠብቀኛለች። እንባዬን በነጠላዬ ጠረግሁ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ መጣብኝ፤ ያንንም ጠበቀች።

አላባበለችኝም።